የላይላ ነጥብ፣ የአርቮ ሳህን

እስቲ ያንን ሳጥን እዩት። ጠረጴዛው ላይ፣ ከኬቻፑ ጠርሙስ ጎን የተቀመጠውን አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳጥን። የዓሣ መንጠቆ መያዣ ነው፤ በሐይቃችን ዳር እንዲህ ያለ ሳጥን የሌለው ቤት አይገኝም። ክዳኑ ሲከፈት ግን አንድም መንጠቆ የለበትም። ለመንጠቆ በተሠሩት ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ክሬዲት ካርዶች ተሰድረዋል፤ ሰማያዊ፣ ብርማ፣ ጥቁር፣ አንዱማ ከብረት የተሠራ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ እንደ ማንኪያ ይጮኻል። በየጀርባቸው ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ "ነዳጅ"፣ "ምግብ"፣ "መድኃኒት ቤት"፣ "እስከ ሰኔ ብቻ"።

ባለቤቷ ላይላ ሂየታላ ትባላለች፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። በትንሿ ከተማችን በኬልሶ ቤይ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ በልጅነቱ በእሷ አውቶቡስ ውስጥ "ተቀመጥ ብዬሃለሁ!" ተብሎ ተጮኾበታል። ድምፅዋ ወፍራም፣ ሳቋ ረጅም፣ ጓንቷ ሁልጊዜ የተቀዳደደ ነው። በዚህ ላይ አንድ አመል አለባት፦ ሰው ገንዘብ ሊከፍል ሲል ካየች አታልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለየወጪው ብዙ ነጥብ የሚሰጠውን ካርድ መርጣ በከፈለች ቁጥር ባንኩ ነጥብ ይጽፍላታል። ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ማይል ይሆናል፤ ማይሉ ሲበዛ ደግሞ ትኬት ይሆናል። ላይላ የራሷ ወጪ ትንሽ ስለሆነ የሰውን ወጪ ትበደራለች። ነዳጅ ማደያ ቆማ ለማታውቀው መንገደኛ፣ "ወንድም፣ ያንተን በእኔ ካርድ ልክፈልልህና ጥሬውን ለእኔ ብትሰጠኝስ?" ትላለች። አንዳንዱ ደንግጦ መኪናውን ይቆልፋል። አንዳንዱ ስቆ ይሰጣታል። የጎረቤቷ ሚስት ሞታ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ በቆመበት፣ ወደ ባልየው ጆሮ ጠጋ ብላ፣ "ይቅርታ አድርግልኝና፣ የሬሳ ሳጥን ሻጩ ካርድ ይቀበላል እንዴ?" ብላዋለች። ሰውየው በዚያ የሐዘን ሳምንት የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ እንደነበር እስከ ዛሬ ያወራል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መዘምራኑ በሙሉ ወደ አርቮ ምግብ ቤት ይጎርፋሉ። ዓሣ ጥብስ፣ ፓንኬክ፣ የዱር ሩዝ ሾርባ፣ የቤሪ ኬክ ይበላል። ሒሳቡ በአንድ ወረቀት ሲመጣ ሁሉም የድርሻውን ጥሬ ገንዘብ በላይላ ፊት ይከምራል።

"ላይላ፣ መንጠቆሽን ወርውሪ!" ይላሉ።

እሷም ሳጥኗን ከፍታ "ምግብ" የሚለውን ታወጣለች። ጥሬው ወደ ቦርሳዋ፣ ካርዱ ወደ ማሽኑ። የወር ዕዳዋን ቀኑ ሳያልፍ ትከፍላለች፤ አንድ ሳንቲም ወለድ ሰጥታ አታውቅም። ባንኩን ያሸነፈችው ይመስላት ነበር።

አርቮ ወንድሟ ነው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሷ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሞተ። እናታቸውም ሕመምተኛ ነበረች። አርቮ ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ የማዕድን መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ፣ ዓለምን አያለሁ ብሎ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። ሻንጣውን ፈታና ምድጃ ለኮሰ። እህቱን ጸጉሯን እያበጠረ፣ የቤት ሥራዋን በዱቄት በተለወሰ ጣቱ እያረመ አሳደጋት። ከዚያ ወዲህ ርቆ የሄደበት ቦታ ሚኒያፖሊስ ነው፤ ያውም ምድጃ ሊገዛ።

ስለዚህ የሳጥኑ ምሥጢር እሱ ነው። ላይላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው አርቮን አውሮፕላን ላይ ለማሳፈር ነው። ከኋላ ጉልበት ተጣጥፎ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ከፊት፣ ወንበሩ አልጋ በሚሆንበት፣ ምግቡ በሸክላ ሳህን በሚቀርብበት። የሰማችው ሩቅ አገር ኒውዚላንድ ስለሆነ ኒውዚላንድ ልትወስደው ነው። ለሰባኛ ዓመቱ አስባው ነበር። ያ ዓመት ሲመጣ፣ "አሁን ነጥቡ ዋጋ የለውም፤ ትንሽ ልታገስ" አለች። በሚቀጥለው ዓመት አየር መንገዱ የሚጠይቀውን ማይል ጨመረ፤ እሷም እንደገና ማጠራቀም ያዘች። የነጥብ ሰዎች በሽታ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀን ይመጣል እያሉ የመጣውን ቀን ይሸኙታል።

በመጋቢት አንድ ሰኞ፣ ልጆቹን አድርሳ ስትመለስ፣ የምግብ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየች። "ከዛሬ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ብቻ። አርቮ።" ሳቀች። ገብታም ሳቋ አልጠፋም።

"ይሄ ቀልድ ምንድነው?"

"ማንበብ ትችያለሽ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ" አለ አርቮ፣ እንቁላል እየገለበጠ።

"የእሑዱን ጠረጴዛ ታዲያ በምን ልከፍል ነው?"

"ሰዎቹ በሚሰጡሽ ገንዘብ ነዋ። እነሱ ላንቺ ጥሬውን ይሰጣሉ፣ አንቺ ለእኔ ፕላስቲክ ትሰጪኛለሽ። ጥሬውን ወደዚህ በይው።"

"ምን ልዩነት አለው? ባንኩ ይከፍልህ የለም?"

"ይከፍለኛል። ቆርሶ።" መገልበጫውን አስቀመጠ። "ከመቶው ሦስት ዶላር ያህል ለራሱ ያስቀራል። ካርዱ እንዳንቺዎቹ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ይጨምርበታል።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ እንጂ። ነጥቡ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?"

ላይላ አፏን ከፈተች። "ከባንኩ..."

አስተናጋጇ ዶሪን የቡና ማንቆርቆሪያውን ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ፣ "የኔ ማር፣ ባንክ ደግሞ መቼ ነው ለሰው ስጦታ የሰጠው?" አለቻት።

ባንኮኒው ላይ የተቀመጡት እንጨት ቆራጮች ሳቁ። ላይላ አልሳቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የዘመረችው፣ የሳቀችው፣ ካርዷን የሰጠችው በፊቷ አለፈ። ጥሬ ሆኖ ወደ ወንድሟ መሳቢያ ሊገባ የነበረውን ገንዘብ በመንገድ ላይ ጠልፋ፣ እየቆረሰች ለባንክ ስትመግብ፣ ባንኩም ፍርፋሪውን መልሶ "ነጥብ" እያለ ሲሰጣት ነው የኖረችው።

"ታውቅ ነበር?" አለችው።

"በየወሩ ወረቀቱ ይመጣልኛል እኮ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገርከኝም?"

አርቮ ትከሻውን ሰበቀ። "ደስ ይልሽ ነበር። ያንን ሳጥን ስትከፍቺ ፊትሽ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆናል። ምን ብዬ ልናገር?"

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ሰው እንዲህም መውደድ ይችላል? ከገዛ ሳህኑ እየተወሰደበት፣ የወሳጁን ደስታ እንዳያደፈርስ ዘጠኝ ዓመት ዝም ማለት? እኔ ስለ ዘጠኝ ቀንም እጠራጠራለሁ።

"ታዲያ አሁን ምን ነካህ?" አለች ላይላ።

አርቮ በአገጩ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ አመለከተ። እዚያ ዴልፊን ተቀምጣለች፤ ከሐይቁ ነባር ሕዝብ የተወለደች፣ የሞቴሉን ክፍሎች የምታጸዳ፣ ካርድ የሌላት፣ ባንክም የማይሰጣት ሴት። ሾርባዋን በሳንቲም ነው የምትከፍለው፤ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ ከምራ ለዶሪን ትተዋለች።

"የእንቁላሉ ዋጋ ወጣ፣ የዘይቱም ወጣ። የባንኩን ቁራሽ ለመሸፈን የሾርባውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ሦስተኛውን ልጽፍ ስል እሷን አየኋት። አንድ ቀን ካርድ ነክታ አታውቅም፤ የካርዱን ወጪ ግን ከእነ ሾርባዋ ትከፍላለች። እጄ አልጽፍ አለኝ።"

ላይላ ያሰበችውን ሁሉ በአንዴ ዘረገፈችው። "ላንተ ነበር እኮ! ያጠራቀምኩት ላንተ ነው! ኒውዚላንድ ልወስድህ፣ ከፊት ላስቀምጥህ..."

"ከእኔ ወስደሽ ለእኔ?" አለ አርቮ። ሰዎቹ እንደገና ሳቁ፤ እሱ ግን ፊቱ ቀልቶ ነበር። "የትም አልሄድም። በዴልፊን ሾርባ ተሳፍሬ የትም አልበርም።"

ላይላ ስትወጣ በሩ እንዴት እንደተዘጋ አልነግራችሁም፤ ወረቀቱ ግን ወደቀ።

አሁን ደግሞ ስለዚያ የካርድ ማስታወቂያ ልናገር። አይታችሁታል፤ ነጭ የለበሰች ሴት ባሕር ዳር ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ "በነፃ ነው የመጣሁት!" የምትለውን። በነፃ? አንድም ሰው በነፃ በሮ አያውቅም። ከእሷ የአውሮፕላን ወንበር ሥር እጃቸው በሳሙና የተላጠ፣ ጉልበታቸው ሌላ ሰው ያጎደፈው ወለል ላይ የተንበረከከ ሰዎች አሉ፤ ወንበሩን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ለጫማቸው፣ ለዳቧቸው፣ ለሾርባቸው ጥቂት ጥቂት ጨምረው ከፍለውላታል። ማንም ግን አልነገራቸውም። ላይላ ክፉ ሴት ሆና አይደለም ያላወቀችው፤ እንዳታውቅ ተደርጎ የተሠራ ነገር ስለሆነ ነው። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ቀለጠ። ላይላ አውቶቡሷን ነዳች። እሑድ የተሰበሰበውን ጥሬ ገንዘብ ሳትነካው ለዶሪን ሰጠች፤ ከአርቮ ጋር ግን አትነጋገርም። እሱም ከምድጃው ቀና አይልም። ቤት ሆና ነጥቧን ስታየው፣ ያ ሁሉ ቁጥር እንደ ሰረቀችው ዕቃ ሆነባት። ለባንኩ ብትመልስ ባንኩ ይስቃል። ለአርቮ ብትሰጥ አይቀበልም። ነጥቡ የሚሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመብረር። እሱን ደግሞ ወንድሟ አልፈልግም ብሏል።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ገብታ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠች። ሾርባ አዘዘች። ጥሬውን አስቀድማ አስቀመጠች።

"አርቮ" አለች። "የት መሄድ ነው የምትፈልገው?"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም። ስትከፍል፣ ስታሰላ፣ ስትታገስ ኖረች፤ የሚሄደውን ሰው ግን የት መሄድ እንደሚፈልግ አንድ ቀን አልጠየቀችውም። አርቮንም ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ሐይቁን ከላይ ማየት እፈልጋለሁ።"

"የትኛውን ሐይቅ?"

"ስንት ሐይቅ አለሽ?" በመስኮቱ አሳያት።

"እሱማ እዚሁ ነው ያለው! በየቀኑ ታየው የለም እንዴ?"

"ዳሩን ነው የማየው። ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ጫፍ ይዞ እንደሚሄድ፣ እኔም ጫፉን ይዤ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ፊቱን አይቼው አላውቅም። አባባም ሕይወቱን ሙሉ አጥምዶበት ማዶውን ሳያይ ሞተ። ማዶው ምንድነው ብዬ ስጠይቀው 'ውሃ' ይለኝ ነበር።"

ላይላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያ አመሏ ተነሳባት። "አርቮ፣ በዚህ ሁሉ ነጥብ እኮ የዓለም ጫፍ ይደረሳል! ለሐይቅ ማውጣት... የነጥቡን ዋጋ አፈር ማስበላት ነው!"

"እንግዲያው ተይው።"

ሾርባዋን ጨረሰች። ከዚያ፣ "እሺ" አለች። "ሐይቁ ይሁን።"

"ዴልፊንም ትምጣ" አለ አርቮ። "ከፍላበታለች።"

ሦስት ሰው! ከፊት! ላይላ የሚቀራትን ለማሰብ ሞከረች፤ ምንም አልነበረም የሚቀራት። ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ሄደች።

"ዴልፊን፣ ፓስፖርት አለሽ?"

"ለምን? ልታባርሩኝ ነው?" አለች ዴልፊን፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ በኋላ ላይላ የምታውቀውን ሁሉ ለዚያ አንድ ነገር አዋለችው። የትኛው አውሮፕላን በሐይቁ ላይ ያልፋል? የትኛው በቀን ብርሃን? ሐይቁ በየትኛው በኩል ይውላል? በመጨረሻ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከሚኒያፖሊስ የሚነሳ አገኘች፤ በቀኝ በኩል ሦስት መስኮት።

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ አርቮ።

"አምስተርዳም።"

"አምስተርዳም ምን አለ?"

"የመመለሻው አውሮፕላን።"

አርቮ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁለቱን የወንበሩን እጀታዎች ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ጭንቅላቱን ያዞረው ደመናው ከሥራቸው ሲቀር ነው። የዱሉዝን ከተማ አለፉ። ከዚያ መሬቱ አለቀ።

ምን ልበላችሁ? ውሃ ነው ብላችሁ ውሃ ታስቡ ይሆናል። ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፤ ብረት ገና ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው መልክ አለው። የደመና ጥላዎች በላዩ ላይ ይራመዳሉ፤ አንዱ ጥላ ብቻውን ኬልሶ ቤይን ከነመቃብሯ ለመሸፈን ይበቃል። የማዕድን መርከቦቹ፣ ወደብ ሲገቡ ከተማው ሁሉ የሚወጣላቸው እነዚያ ተራራ የሚያህሉ መርከቦች፣ በመስታወት ላይ የተጫረ መስመር ሆነዋል። በሐይቁ መካከል ያለችው ደሴት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተጥላለች። ውሃው ሄዶ ሄዶ፣ ጎብጦ፣ ሰማይ ይሁን ውሃ በማይለይበት ላይ ይጠፋል።

"ምግብ ቤቴ የታለ?" አለ አርቮ በሹክሹክታ።

ላይላ አንገቷን አስግጋ ፈለገች። "ከተማዋ ራሷ አትታይም።"

"እንግዲህ እዚያ ውስጥ ነው በእንቁላል ዋጋ ስንጣላ የኖርነው" አለና ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

ዴልፊን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች። "አያቴ በእኛ ቋንቋ ታላቁ ውሃ ትለው ነበር" አለች። "አሮጊት ስለሆነች የምታጋንን ይመስለኝ ነበር።"

በዙሪያቸው ያሉት ወንበሮች ላይ ግን መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ሰዎቹ ፊታቸውን በስክሪን ብርሃን አብርተው ፊልም ያያሉ፤ ሌሎቹ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተኝተዋል። ስንት ሰው በስንት ሳንቲሙ ተሸክሞ እዚህ ከፍታ ላይ ያወጣቸው ሰዎች፣ ከሥራቸው ይህን የሚያህል ነገር ተዘርግቶ፣ መጋረጃ ጥለውበታል! አንዷ ሆስተስ በእርጋታ መጣች።

"ጌታዬ፣ መጋረጃውን ዝቅ ቢያደርጉልን? ሌሎች መንገደኞች መተኛት ይፈልጋሉ።"

"በጠራራ ፀሐይ?"

"ስንደርስ እዚያ ጠዋት ስለሚሆን ነው ጌታዬ።"

ላይላ ልትቆጣ ተነሳች፤ የአውቶቡስ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። አርቮ ግን ቀደማት። "ልጄ" አለ። "አንድ ጊዜ ጎንበስ በይና እዪ። ከዚያ ዝጋ ካልሽኝ እዘጋለሁ።"

ልጅቱ ጎንበስ አለች። ለሥርዓቱ ያህል ነበር የጎነበሰችው፤ ግን ቶሎ አልተነሳችም። በዚህ መንገድ ከቁጥር በላይ ተመላልሳለች፤ መስኮት ግን የእሷ ሥራ አይደለም።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"ቤታችን ነው" አለ አርቮ።

መጋረጃውን ዝጋ ሳትለው ሄደች። ትንሽ ቆይታ ከኋላ ካለው ክፍል ሌላ ባልደረባዋን ይዛ ተመለሰች፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። የተኙት ተኝተው ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ጭጋጉ የተገፈፈው። ከውሃው ጫፍ ላይ ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ እንደ ክር ያለ ነገር ወጣ። አርቮ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

"ላይላ። ማዶው።"

አየችው። ከዚያ ሐይቁን ትታ እሱን አየችው። ሰባ ሦስት ዓመት የሆነው፣ ጸጉሯን ያበጠረላት፣ በምድጃ እሳት ፊቱ የተለበለበው ወንድሟ፣ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ ነበር። ነጥቡ አልቋል፤ ሁሉም እዚህ መስኮት ላይ አልቋል። አትርፌያለሁ ወይስ ከስሬያለሁ ብላ ማስላት አልቻለችም፤ ማስላትም አልፈለገችም። እጁን ያዘችው። ክሩ መስመር ሆነ፣ መስመሩ ዳርቻ ሆነ፣ ከዚያ ደን ከሥራቸው ገባ።

እባካችሁ፣ እናንተም ለአንድ ሰው ብላችሁ የምታጠራቅሙት ነገር ካለ፣ ነጥብም ይሁን ብር ወይም የዕረፍት ቀን፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና አሁኑኑ ያን ሰው የት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱ ቢያስቃችሁም አትከራከሩት።